ዳውዳን የደበቅኩበት ረቡዕ

እናቴ እያለቀች መሆኗን ያወቅኩት ከመታጠቢያ ገንዳው ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ልታጠብ ስገባ የውሃ መውረጃው ላይ ጸጉሯ ተጠምጥሞ አገኘዋለሁ፤ አንድ ቀን የአውራ ጣቴን ያህል፣ ሌላ ቀን የሕፃን ጡጫ የሚያክል። ሰው በትንሽ በትንሹ ሊያልቅ እንደሚችል አልተጠራጠርኩም። ሳሙና ያልቃል፣ እርሳስ ያልቃል፣ እናቴም ከራሷ ጀምራ እያለቀች ነው። ስለዚህ የወደቀውን እየለቀምኩ፣ በፎጣ እያደረቅኩ፣ ባዶ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ማጠራቀም ጀመርኩ። ሐኪም ሲመጣ መልሶ ይተክልላታል ብዬ ነው።

ዛሬ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሴት በወለደች በሦስተኛው በአራተኛው ወር ጸጉሯ እንደሚረግፍ፣ ከዚያም ተመልሶ እንደሚበቅል በየሳምንቱ ለአንዷ ወይ ለሌላዋ እነግራለሁ። ያኔ ግን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ለእሷም የነገራት አልነበረም።

የምንኖረው ጎተንበርግ ዳር፣ አምስት ተመሳሳይ ሕንፃዎች ከተደረደሩበት ሰፈር ነው። አባቴ ወደ ዴንማርክና ጀርመን በሚመላለስ መርከብ ላይ ምግብ ያበስላል፤ ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ አንድ ሳምንት ቤት። እናቴ ጃይናባ ባንጁል ሳለች ከእናቷ ጋር ጨርቅ ቀለም እየነከረች ትሸጥ ነበር። ስዊድን ከመጣች ወዲህ ግን የትምህርት ቤት ወለል ታጸዳለች። በየሁለት ወሩ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነጭ ቅባት ጸጉሯን ትቀባና ሰዓት እያየች ትቀመጣለች፤ ሲያቃጥላት ጥርሷን ነክሳ እግሯን ታወዛውዛለች። ሲታጠብ ጸጉሯ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቆንጆ መሆን የሚያም ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። እኔም ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ እንደምቀባ ቃል ተገብቶልኛል።

ወንድሜ ዳውዳ የተወለደው ነሐሴ ላይ ነው። ኅዳር ሲገባ እናቴ ቤት ውስጥም ሻሽ ማሰር ጀመረች፤ ፖስታ ሳጥኑን ለማየት እንኳ ያለ ሻሽ አትወርድም። ዳውዳ ሲያለቅስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ትራም እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዝም ብላ ታየዋለች። ታጠባዋለች፣ ገላውን ታጥበዋለች፣ ዳይፐሩን ትቀይርለታለች፤ ያጎደለችው ነገር አልነበረም። ብቻ ልብ ብላ ሌላ ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች። ግድግዳው ውስጥ የሆነ ድምፅ አለ ብዬ እኔም ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጥ ነበር። የሚሰማኝ የጎረቤት ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

የሕንፃው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው። እያንዳንዱ ቤት ተራ አለው፤ የኛ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከኛ በፊት ተራው የናካቶ ነበር። ናካቶ ከኡጋንዳ የመጣች፣ ትራም የምትነዳ፣ ረጅም ሴት ናት። ጎፈሬዋ በበሩ ስትገባ ከጉበኑ ጋር ይታገላል። ልብሷን በሰዓቷ አውጥታ አታውቅም። እናቴ ቤት ስንመለስ "ያቺ ያላበጠረች ሴትዮ" እያለች ታማት ነበር፤ እኔም ያላበጠረ ሰው ክፉ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያ ሐሙስ እናቴ ዳውዳን በልብስ ዘንቢሉ ውስጥ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኝታው ወረድን። ናካቶ እንደ ልማዷ ልብሷን ገና እያወጣች ነው። አጠገቧ አኒካ የምትባል የአራተኛ ፎቅ ሴት ቆማ ታግዛታለች። አኒካ ጥቁር ናት፣ ስዊድንኛዋ ግን እንደ አስተማሪዬ ነው፤ ሆዷም ገፍቷል። እናቴ እርጥብ አንሶላ ከማሽኑ ለማውጣት ጎተተች። አልወጣላትም። ደግማ ጎተተች። ከዚያ አንሶላውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሻሿ ተንሸራተተ። ከሻሹ ጋር አንድ እፍኝ ጸጉር አብሮ ወረደ።

ማንም አልጮኸም። ናካቶ ወደ እኔ ዞራ፣ "ሃዲዬ፣ እስከ ላይ ደረጃውን ቁጠሪልኝ እስቲ፤ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል" አለችኝ። ወጣሁ። ግን ዐሥራ ሁለት ላይ ደርሼ ተመለስኩና በበሩ መስታወት አየሁ። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ናካቶ ከኋላዋ መቀስ ይዛለች። እናቴ ታለቅሳለች፣ ናካቶም ትቆርጣለች። ያ ቀጥ ያለ ጸጉር ማሽኑ ላይ እየተከመረ ነው።

የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ እንግሊዝኛ የማውቀው ከካርቱን የለቀምኩትን ያህል ነው። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት ጥቂት ቃል ብቻ ነው። እናቴ፣ "ውሰዱልኝ። እባካችሁ ሕፃኑን ውሰዱልኝ" አለች። ናካቶ፣ "እንወስደዋለን። ረቡዕ እመጣለሁ" አለቻት። አኒካም ራሷን ነቀነቀች።

በትምህርት ቤታችን ሰዎች መጥተው ከእናቱ ወሰዱት የሚባል ልጅ ነበር። እንዴት እንደሚወሰድ ግን ማንም አያውቅም ነበር። አሁን አወቅኩ። መጀመሪያ እናትየዋን ጸጉሯን ይላጯታል፣ ከዚያ ረቡዕ ይመጣሉ።

እናቴ ከዓመታት በኋላ የዚያን ቀኑን ወሬ ሁሉ ነግራኛለች። ናካቶ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ጸጉሯ አልነበረም፤ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሳትነቃ ተኝታ ታውቅ እንደሆነ ነው። አላውቅም አለች። ናካቶም የራሷን ነገረቻት፤ ሴት ልጇ የሦስት ወር ሳለች አንድ ቀን አልጋ ላይ አስተኝታት፣ በሩን ቆልፋ፣ ቆሻሻ መጣያው ቤት ገብታ ድምፅዋ እስኪዘጋ እንደጮኸች። ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። እናቴ "ውሰዱልኝ" ያለችው ይህን ከሰማች በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ልትተኛ። እንግሊዝኛው "ሁለት ሰዓት" የሚለውንም ነበረው፤ እኔ ግን አላገኘሁትም።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ቦርሳ ስታዘጋጅ ደረስኩ። ዳይፐር፣ ሁለት ጡጦ፣ ሰማያዊው ብርድ ልብስ። ማስረጃ አላስፈለገኝም። እሷ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ዳውዳን ዘንቢሉ ውስጥ አስተኛሁት፣ የብስኩት ጣሳዬን ጎኑ አስቀመጥኩ፣ ዘንቢሉን እየጎተትኩ በአሳንሰር ወረድኩ። ጣሳውን ለምን እንደያዝኩ አላውቅም። የሚድን ነገር ሁሉ አብሮ ይዳን ብዬ ይሆናል።

ከማጠቢያው ክፍል አጠገብ ልብስ የሚሰጣበት ጠባብ ክፍል አለ። የሰው አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሎ ነበር። ከውስጥ ቆለፍኩና ከአንሶላዎቹ ኋላ ተቀመጥኩ። ሞቃት አየር ይነፍሳል፣ ሳሙና ይሸታል። ለዳውዳ የማውቀውን ዘፈን ሁሉ ዘፈንኩለት፤ ሲያልቅብኝ የማባዛት ሠንጠረዥ ቀጠልኩ። ሦስት ጊዜ ሰባት ላይ መብራቱ በራሱ ጠፋ። ዳውዳ ማልቀስ ጀመረ። ጣቴን አጠባሁት። በዚያ ጨለማ ውስጥ በሕይወቴ እንዲያ ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ከውጭ ስማችን ሲጠራ ሰማሁ። መጀመሪያ ናካቶ፣ ከዚያ አኒካ፣ ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች። ክፍሉ ከፍ ብሎ፣ ከመሬቱ እኩል የሆነ ትንሽ መስኮት ነበረው፤ በእሱ የሚታየኝ በረዶና እግር ብቻ ነው። ቦት ጫማዎች ወዲያና ወዲህ ሮጡ። ከዚያ የቤት ነጠላ ጫማ ያደረጉ ባዶ እግሮች መጡ። ቆሙ። ተንበረከኩ። አንድ ፊት ወደ መስኮቱ ዝቅ አለ።

መጀመሪያ አላወቅኳትም። አንድ የማላውቀው ጎረምሳ መስሎኝ ነበር። ራሱ ክብ፣ ጸጉሩ አጭርና ጥቅልል፣ በረዶው ጫፍ ጫፉ ላይ ተቀምጦ። ከዚያ ዓይኗን አየሁ። ሻሽ የለ፣ ካፖርት የለ። ከኋላዋ ሰገነቱ ሁሉ ሰው ነው፤ ያቺ ሦስት ወር ሙሉ ጓሮ ያልወጣች ሴት በሰፈሩ ሁሉ ፊት ራሷን ገልጣ በረዶ ላይ ተንበርክካለች።

በሩን ስከፍት ሦስቱም ተከታትለው ገቡ። እናቴ መጀመሪያ ዳውዳን አነሳች፣ ከዚያ እኔን ያዘች። እኔ ግን ገፋኋትና፣ "ለምን ሰጠሻቸው?" አልኳት።

አልገባትም። ናካቶን አሳየኋት። "ጸጉርሽን ቆርጣ ልጁን ልትወስድ ነው። ሰምቻለሁ።"

አኒካ አፏን በእጇ ያዘች። ናካቶ ልትስቅ ጀምራ ተወችው፤ ፊቷ ተለዋወጠና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እናቴ ወለሉ ላይ ከእኔ ጋር እኩል እስክትሆን ዝቅ አለች።

"ልሰጠው አልነበረም" አለችኝ። "ደክሞኝ ነው፣ ሃዲ። እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ሲያለቅስ እሰማዋለሁ፣ ግን ከሩቅ ነው የምሰማው። ፈራሁ። ስለፈራሁ ነው አግዙኝ ያልኳቸው።"

ትልቅ ሰው "ፈራሁ" ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣሳውን ሰጠኋት። ከፈተችው። ያን ሁሉ ጸጉር፣ ታጥቦና ደርቆ በንብርብር የተቀመጠውን፣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ ክዳኑን መልሳ እጄን ያዘችና ራሷ ላይ አስቀመጠችው።

"ያ የወደቀው ነው" አለች። "እኔ እዚህ ነኝ።"

ከመዳፌ በታች ያለው ጸጉር በቅባቱ ያልተነካ፣ ከሥሩ አዲስ የበቀለ ነው። በረዶው ቀልጦበት ነበር። ይገፋኛል፤ ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። እጄን ማንሳት አልፈለግኩም።

ከዚያ ወዲህ ናካቶ ረቡዕ ረቡዕ ዳውዳን በጋሪ ይዛው ትወጣለች፣ እናቴም ትተኛለች። እኔ ለጥቂት ሳምንታት ከኋላቸው ተከትያለሁ፤ ናካቶ እያየችኝ እንዳላየች ትሆን ነበር።

ሐሙስ ደግሞ ምድር ቤት ጸጉር የሚሠራበት ቀን ሆነ። ማሽኑ እስኪጨርስ ሁለት ሰዓት አለ፤ በሁለት ሰዓት አንድ ራስ ይሠራል። አንዷ ሌላዋን ይዛ መጣች፤ የሶማሌ፣ የጋና፣ የብራዚል፣ የኮንጎ ሴቶች። ማበጠሪያና ሚዶ ከሳሙናው ጎን ተደረደረ። እኛ ልጆች ጠረጴዛው ሥር እንቀመጣለን። የምንሰማው ወሬ ግማሹ አይገባንም፤ ጡቷ ስለቆሰለባት፣ ባሏ ሕፃኑ ሲያለቅስ የተኛ መስሎ ስለሚያንኮራፋባት፣ ልጇ ትምህርት ቤት ጸጉሯን ስለነኩባት፣ ከወለደች በኋላ ስታስነጥስ ስለሚያመልጣት ነገር። ይህን የመጨረሻውን ሲያወሩ እስከ እንባ ይስቁ ነበር። እኔ ማስነጠስ ትልቅ ሰዎችን ለምን እንዲህ እንደሚያስቅ ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አኒካ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከኮሎምቢያ በሕፃንነቷ ነው በማደጎ የመጣችው። ያሳደጓት ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ጸጉሯን ግን ምን እንደሚያደርጉት ስላላወቁ በየክረምቱ እንደ ወንድ ልጅ ይቆርጡት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ጸጉሯን የሚነካ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቃት ወይም ሳያማርርባት ሲቀር የመጀመሪያዋ ነው። እናቴ በቀጭን ማበጠሪያ ጸጉሯን እየከፈለች ሹሩባ ልትሠራት ጀመረች። መስመሮቹ ከግንባር ተነስተው ዞረው ማጅራት ላይ ሲገናኙ እናቴ በድንገት እጇን አነሳች። "እንዳትነቃነቂ" አለቻትና እርሳስ ፈለገች። የአኒካን ራስ መስመሮች አሮጌ ትራስ ልብስ ላይ ሣለቻቸው። መስመር መስመሩን በክር ጥብቅ አድርጋ አሰረች። በሳምንቱ ሰማያዊ ቀለም ገዝታ መጣችና በትልቁ የእጅ ማጠቢያ ውስጥ ነከረችው።

ክሩ ሲፈታ ያየሁትን ዛሬም አልረሳሁም። በጥልቅ ሰማያዊ መካከል ነጫጭ መንገዶች፤ ከላይ የታየ እርሻ የሚመስል፣ ግን የአኒካ ራስ የሆነ። አኒካ ጨርቁን ተቀብላ በሆዷ ላይ ዘረጋችው። እናቴ ባንጁልን ከለቀቀች ጀምሮ ቀለም ነክታ አታውቅም ነበር። በዚያ ክረምት ዐሥራ አንድ ሌላ ራስ ነከረች።

ጣጣው የመጣው ከዐሥራ ሁለተኛው ነው። ጨርቁን በማሽን አለቀለቁትና ማሽኑን ባዶውን ማዞር ረሱ። ቀጥሎ ማይብሪት የሚባሉ ጎረቤት ተራ ነበር፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አንሶላቸውን በካውያ የሚተኩሱ ሴት። ስድስት ነጭ አንሶላ አስገብተው ስድስት ሰማያዊ አወጡ።

በማግስቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በማጠቢያው ክፍል ጸጉር መሥራት፣ ቀለም መንከርና መሰብሰብ የተከለከለ ነው፤ ጉዳዩ በነዋሪዎች ስብሰባ ይታያል ይላል። ናካቶ አንብባ ልትቀደው ነበር። እናቴ ከለከለቻት። "ይታያል ካሉ እንሂድና ይዩት" አለች።

ስብሰባው ላይ ሁልጊዜ የሚመጡት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው ቦርየ የሚባሉ የሕንፃው ኃላፊ ለዘጠኝ ሰው ኬክ አስቆርጠው ነበር። የኛዎቹ ዐሥራ ስድስት ሆነው ገቡ፤ ሹሩባ፣ ጎፈሬ፣ አጭር የተከረከመ፣ አንዷም ራሷን አልሸፈነችም። የሶማሌዋ እትዬ ሂቦ ብቻ ሻሿን እንደ ወትሮው አድርጋ፣ "የኔ ከሥር ነው ያማረው፣ እመኑኝ" አለቻቸው። እኔ ዳውዳን ታቅፌ ኋላ ተቀመጥኩ።

እናቴ ተነሳች። ስዊድንኛዋ ይሰባበር ስለነበር በሰው ፊት መናገር አትወድም ነበር። "አንሶላውን ሰማያዊ ያደረግኩት እኔ ነኝ" አለች። "ይቅርታ፣ ማይብሪት። አዲስ እገዛለሁ። መሰብሰቡን ግን ይቅርታ አልጠይቅም። እኔ ይህን ልጅ ወልጄ በዚህ ሕንፃ ውስጥ አራት ወር ሰው አላናገረኝም። እኔም ሰው አላናገርኩም። ታምሜ ነበር፤ ልጄን አይቼ ምንም አይሰማኝም ነበር። ያዳነኝ ሐሙስ ነው።"

እኔ አፈርኩ። ሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ይባላል እንዴ ብዬ ፊቴን ዳውዳ አንገት ውስጥ ቀበርኩ። ዛሬ በሥራዬ ያን ዓረፍተ ነገር ሴቶች ለመናገር ሲታገሉ፣ አንዳንዴም ሳይናገሩት ሲቀሩ አያለሁ፤ እናቴ በተሰባበረ ቋንቋ ኬክ ፊት ቆማ እንደተናገረችው አስባለሁ።

ማይብሪት ስለ አንሶላው ሲጠየቁ ሰማያዊው እንደሚሻላቸው፣ ያስቀየማቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ቡና ይጠጡ ብሎ የጠራቸው አለመኖሩ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ናካቶ እጇን አውጥታ፣ ለዓመታት የተሰባበረ ብስክሌት የታጨቀበት የምድር ቤት ክፍል ተጠርጎ ለሴቶቹ ይሰጥ ስትል ሐሳብ አቀረበች። ቦርየ ድምፅ እንስጥ አሉ። ዐሥራ ሰባት እጅ ተነሳ። ሌሎቹ ስምንት ናቸው። ቦርየ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ሦስተኛ ቆጠሩ። እናቴና ናካቶ እርስ በርስ ተያዩ። ድምፅ የመስጠት መብት ለካ ሁልጊዜም ነበራቸው።

ብስክሌቶቹን ያወጣናቸው በአንድ ቅዳሜ ነው። በሚያዝያ ዐሥራ ሁለቱ ጨርቆች የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰቀሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የባለ ራሷ ስምና የልጆቿ ቁጥር። አባቴ ከመርከቡ እንደወረደ ከነሻንጣው መጥቶ አንድ በአንድ እያየ ዞረ። ሲጨርስ ሄዶ እናቴ አጠገብ ቆመ። እኔም ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ ነጩን ቅባት አልተቀባሁም፤ ማንም የጠየቀኝ አልነበረም።

ያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሞላው። ባለፈው ኅዳር ከሥራ ስወጣ አንዲት ወጣት እናት ይዤ ወደዚያ ሄድኩ። ልጇ ሰባት ሳምንቱ ነው። ካፖርቷን ሳትፈታ በር አጠገብ ተቀመጠች። እናቴ፣ ጸጉሯ አሁን ነጭ ጎፈሬ ነው፣ ዳውዳን ጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራዋለች። ግዙፍ ሰው ነው፤ ትራስ ላይ ተቀምጦም ትከሻው ጉልበቷን ያልፋል። ወጣቷ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለልጅሽ መጀመሪያ የማይሰማሽ ፍቅር እውነት ኋላ ይመጣል ወይ ብላ ጠየቀች።

እናቴ እጇን ሳታቆም መናገር ጀመረች። ይሄ ልጄ እንደተወለደ አልወደድኩትም ነበር አለች። ደነገጥኩ። ዳውዳ በዚያ ስብሰባ ላይ ስታወራ ክንዴ ውስጥ ነበር፤ በሚሰማበት ዕድሜ ግን የነገረው አልነበረም። ዓይኑን አየሁት። ወለሉን እያየ ነው።

"እና መቼ ወደድሽኝ?" አላት ራሱን ሳያነቃንቅ።

እኔ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ያ ነገር የመጣው በዚያ ረቡዕ፣ በዚያ በረዶ ላይ፣ በእኔ ምክንያት ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

"ማክሰኞ ነበር" አለች እናቴ። "ሃዲ ደብቃህ ከተገኘህ ከአምስት ሳምንት በኋላ። ጥፍርህን እየቆረጥኩ አስነጠስክ። የራስህ ማስነጠስ አስደንግጦህ፣ እኔ ያደረግኩህ ይመስል ተቆጥተህ አፈጠጥክብኝ። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሲያልቅ እዚያው ነበርክ።"

"በማስነጠስ?"

"በማስነጠስ።"

ዳውዳ ሲስቅ ራሱ ከእጇ አመለጠ፤ መስመሩ ተበላሸባት። አርፈህ ተቀመጥ ብላ ፈታችውና እንደገና ከግንባሩ ጀመረች። በር አጠገብ ያለችው ሴት ያኔ ስንት ወሩ ነበር ብላ ጠየቀች።

"አምስት ወር ከጥቂት ቀን" አለቻት እናቴ።

ሴትዮዋ ካፖርቷን መፍታት ጀመረች። በሌላው እጇ፣ ከልጇ ጀርባ ላይ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ትቆጥር ነበር።